ባለሽቦው ሳጥንና ጉልበታችን

በአማርኛችን «ጉልበት» ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከጭንና ከባት መካከል ያለው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው አቅም። ጉልበቱን የታመመ ሰው «ጉልበት ከዳኝ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ምናልባት ሁለቱንም ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ በመኪና ማቆሚያ ቤት ቆሞ የሚያመሽ፣ አረጋውያንን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያነሣና ሲያስቀምጥ የሚያድር ወገናችን ጉልበቱ ሲታመም የቤት ኪራዩም አብሮ ያሳስበዋል። ስለዚህ ለጉልበት ሕመም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር በመካከላችን ገዢ አያጣም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄን ልጠይቅ ቤቱ ሄጄ እናቱን ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በግራ ጉልበታቸው ዙሪያ አራት ተለጣፊ ፓዶች ለጥፈዋል። ከፓዶቹ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ከኪስ ሬዲዮ በማትበልጥ ሳጥን ላይ ተሰክተዋል። «እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው። «ልጄ ያመጣልኝ ነው። ይነዝረኛል። ሲነዝረኝ እየሠራ ነው ማለት ነው» አሉኝ። ሳጥኑን አውቀዋለሁ። እኔም ከዓመታት በፊት ገዝተው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ ነኝና።

የእማማ አነጋገር ግን ከቤታቸው ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ነዘረኝ ማለት ሠራልኝ ማለት ነው ወይ? ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ሳጥኑን ለመመርመር የተነሣ ነው። ጸሐፊው ሐኪም አይደለም፤ ጉልበቱን የሚያመውና የታተሙ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው እንጂ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሳጥኑ ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ቴንስ» ይባላል። ስሙ ሲፈታ በቆዳ በኩል ነርቭን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ማለት ነው። በባትሪ ይሠራል፤ አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ በፓዶቹ በኩል ይልካል። የንዝረቱን ብርታትና ፍጥነት ባለቤቱ ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ዛሬ እዚህ አሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፋርማሲም በትልልቅ መደብሮችም ይሸጣል፤ ርካሹ በሠላሳና በአርባ ዶላር ይገኛል።

ኤሌክትሪክን ለሕመም ማዋል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ፣ ሪህ የያዘው ሰው በባሕር ዳር እርጥብ መሬት ላይ እንዲቆም፣ ቶርፒዶ የተባለውን የሚያንዘፈዝፍ ዓሣ ከነሕይወቱ ከእግሩ ሥር እንዲያደርግ፣ እግሩም እስከ ጉልበቱ ድረስ እስኪደነዝዝ እንዲታገሥ ያዝዝ ነበር። እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ከአባ ጎርጎርዮስ የሀገራችንን ቋንቋና ታሪክ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ሐበሾች እየመላለሰ የሚይዝን ትኩሳት በእንዲህ ያለ ዓሣ ያክሙ እንደነበር ጽፏል። በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ዓሣው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረግበታል፤ ሥቃዩ ብርቱ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ከዚያ በኋላ አይመለስም ይላል። ስንት ሰው ታስሮ ስንቱ እንደዳነ የቆጠረ ግን የለም። እየመላለሰ የሚይዝ ትኩሳት ደግሞ እየመላለሰም የሚተው ነው። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ጉልበታችን ስንመጣ እንፈልጋታለን።

የዛሬው ሳጥን ከዓሣው የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ከጀርባው በቂ ሐሳብ አለ። በ1965 ካናዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሕመም አዲስ ቲዮሪ አወጡ። ሲቀልል እንዲህ ነው። የሕመም ወሬ ከጉልበት ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደው በቀጫጭን ነርቮች ነው። የመዳሰስና የመታሸት ወሬ የሚሄደው ደግሞ ወፈር ባሉት ነው። ሁለቱም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። በወፍራሞቹ በኩል ብዙ ወሬ ሲመጣ በሩ በቀጫጭኖቹ ላይ ገርበብ ይላል፤ ወደ ላይ የሚያልፈው ሕመምም ያንሳል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ሲመታ እናቱ አይዞህ እያለች የምታሸው፣ እኛም ክርናችን ከበር ጋር ሲጋጭ ሳናስበው የምናሸው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቴንስ በባትሪ የሚሠራ እሽታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የቲዮሪው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል። ዋናው ሐሳብ፣ ማለትም ሕመም እንደ ደወል ሽቦ በቀጥታ የሚደርስ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑ፣ እስከ ዛሬ አለ።

በ1967 ዎል ከቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስዊት ጋር ሆኖ ሐሳቡን ሞከረው። በመጀመሪያ በራሳቸው ላይ፣ ከዚያም ቆዳቸው ላይ የማያቋርጥ ብርቱ ሥቃይ በሚሰማቸው ስምንት ሕሙማን ላይ። ከስምንቱ ነርቫቸው የታመመባቸው አራቱ ለሁለት ደቂቃ ተነዝረው ከግማሽ ሰዓት በላይ ዕረፍት አገኙ። በዚያው ዓመት ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኅብለ ሰረሰር ላይ የሚቀበር መንዘሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተከለ። ከውጭ የሚለጠፈው ሳጥን መጀመሪያ ያገለገለው ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚስማማውን ሰው ለመምረጥ ነበር። በኋላ ግን አንዳንዱ ሕመምተኛ የውጭው ብቻ ይበቃኛል ማለት ሲጀምር ሳጥኑ ራሱን ችሎ ገበያ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ከሳጥኑ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው በነርቭ ሕመም ላይ የታየው ነገር ማንም ሳይጠይቀው ወደ ጉልበት መገጣጠሚያ ሲሻገር ነው። እውነተኛ ሐሳብ ከጀርባው ስላለ ብቻ መሣሪያው ለማንኛውም ሕመም እውነተኛ መድኃኒት ይሆናል ማለት አይደለም። ማሸት ያስታግሣል፤ ነገር ግን በማሸት የዳነ ስብራት የለም።

እኛ በጅምላ ቁርጥማት የምንለው፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይቲስ የሚሉት የጉልበት ሕመም ከነርቭ የሚነሣ አይደለም። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ቅርጹን ይለውጣል፤ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ሕመሙን ፈርተን እግራችንን ስናሳርፈው ደግሞ የጭናችን ጡንቻ ይሟሽሻል። በ2020 በዓለም ላይ 595 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ፣ በጉልበቱም በሌላም መገጣጠሚያው፣ እንደነበረበት ተገምቷል። ከሁሉ የሚገርመው ጠባዩ ነው። ራጁ የከፋ ሆኖ ምንም የማያመው ሰው አለ፤ ራጁ ቀላል ሆኖ የሚያነክስም አለ። ደግሞም ሕመሙ ይመላለሳል። አንድ ወር ያስለቅሳል፤ በሚቀጥለው ወር ደረጃ ያስወጣል።

አሁን ሉዶልፍ የጻፈውን ትኩሳት እናስታውስ። ሰው ሳጥኑን የሚገዛው መቼ ነው? ደረጃ በወጣበት ወር አይደለም፤ ባለቀሰበት ወር ነው። ከዚያ ወር በኋላ ደግሞ ሳጥን ቢገዛም ባይገዛም ብዙ ጊዜ ሻል ያለ ወር ይመጣል። ምስጋናውን ግን ሳጥኑ ይወስዳል። እኔም የገዛሁ ሰሞን ለሦስት ሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ ሳወራለት ነበር። በአራተኛው ወር ጉልበቴ እንደገና ሲያብጥ ሳጥኑን አልወቀስኩትም፤ ፓዱ ማጣበቁን ስለተወ ነው ብዬ አዲስ ፓድ ገዛሁለት።

ይህን የመሰለ የራስ ማታለል እንዳይኖር ነው አጥኚዎች ሁለት ሳጥን የሚያዘጋጁት። አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው መልኩ ያው ሆኖ ኤሌክትሪክ የማይልክ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሕሙማኑ በዕጣ ይከፈላሉ፤ የትኛው እንደደረሳቸው አይነገራቸውም። ባዶው ሳጥን ያን ያህል የሚያሰጋ ነው ወይ ለሚል አንባቢ፣ ከሳጥኑ የበለጠ ነገር ልንገረው። በ2002 በቴክሳስ ሂውስተን የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ብሩስ ሞዝሊ የተባለ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 180 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ በካሜራ ታግዞ የመገጣጠሚያቸው ውስጥ ተጠረገላቸው፤ አንዳንዶቹ ታጠበላቸው፤ የቀሩት ደግሞ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋላቸው። ለሁለት ዓመት ተከታትለዋቸው ጉልበቱ በእውነት የተሠራለትና ቆዳው ብቻ የተሰፋለት ሰው በሕመምም በእርምጃም ልዩነት አልነበራቸውም። ያ ቀዶ ሕክምና በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በየዓመቱ በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይሠራ ነበር። ቢላዋ ይህን ያህል ማስመሰል ከቻለ፣ የሚነዝር ሳጥን ምን ያቅተዋል?

ታዲያ ሳጥኑ ከባዶ ሳጥን ጋር ሲወዳደር ምን ሆነ? መጀመሪያ ነገሩ ጥሩ መስሎ ነበር። ኮክሬን በተባለው የጥናት መርማሪዎች ማኅበር ስም በ2000 የወጣ ግምገማ ቴንስ ለጉልበት ሕመም ከባዶው ይሻላል ብሎ ደመደመ። ያው ማኅበር በ2009 ሌሎች መርማሪዎች መድቦ ነገሩን እንደገና አየው። ቴንስንና መሰሎቹን የሚመለከቱ 18 ጥናቶች ተሰበሰቡ። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሥራ ስምንቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተደምረው 813 ብቻ ናቸው። በአማካይ ለአንድ ጥናት አርባ አምስት ሰው መሆኑ ነው። ከአንድ የዕድር ስብሰባ ያነሰ ማለት ነው።

በትንንሽ ጥናት ላይ ያለው አደጋ እንዲህ ነው። አርባ ሰው ይዞ ጥሩ ውጤት ያገኘ አጥኚ ያሳትመዋል፤ አርባ ሰው ይዞ ምንም ያላገኘው መሳቢያው ውስጥ ይከተዋል። ከመሳቢያው የወጣውን ብቻ ያነበበ ሰው መሣሪያው ተአምር ይመስለዋል። የ2009 መርማሪዎች ጥናቶቹን በትልቅነታቸው ሲደረድሯቸው፣ ጥናቱ ባነሰ ቁጥር ሳጥኑ ይበልጥ የሚያድን፣ ጥናቱ በተለቀ ቁጥር ሳጥኑ አቅም የሚያጣ ሆኖ አገኙት። በአሥር ነጥብ በሚለካ ሕመም ላይ ሁሉም በአንድነት ሲታዩ የሳጥኑ ብልጫ ሁለት ነጥብ ያህል ነበር። የትንንሾቹ ጥናቶች ማዛባት ሲታረም የቀረው ከአንድ ነጥብ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ጉልበት ሊያውቀው አይችልም። መርማሪዎቹም ሳጥኑ ይሠራል ብለን ማረጋገጥ አልቻልንም አሉ፤ የ2000ውንም መደምደሚያ በዚሁ አነሡት።

ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ጥናቶች መጡ። በ2014 በእንግሊዝ ብሪስቶል የታተመው 224 ሰዎችን በሦስት ከፈለ። ሁሉም ለስድስት ሳምንት በቡድን ስለ ጉልበታቸው ትምህርትና የሰውነት እንቅስቃሴ ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን በዚያ ላይ እውነተኛ ሳጥን፣ ሁለተኛው ባዶ ሳጥን፣ ሦስተኛው ምንም። ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው። እርስ በርሳቸው ግን ልዩነት አልታየም። በ2022 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ 220 ሰዎች ለሦስት ሳምንት እውነተኛ ወይም ባዶ ሳጥን ሲጠቀሙ ቆይተው፣ በሕመማቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ጠፋ። ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። የሚነዝርን ሳጥን ማስመሰል አስቸጋሪ ነው፤ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ ይህም ውጤቱን ወደ እውነተኛው ሳጥን ያጋድላል እንጂ አይጎዳውም። ያን ያህል ተደግፎም በትልልቁ ጥናት ላይ መብለጥ አልቻለም።

ሳጥኑ ግን ተከራካሪ አለው፤ ተከራካሪዎቹም ተራ ነጋዴዎች አይደሉም። ያው በ2022 በወጣ ትልቅ ግምገማ 381 ጥናቶች፣ 24,532 ሰዎች ተደምረው ሲታዩ፣ ቴንስ በበራበት ሰዓትና ወዲያው እንደጠፋ ሕመም ከባዶው ይልቅ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ይህ ግን የጉልበት ብቻ ሳይሆን የወገብ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የምጥና የልዩ ልዩ ሕመም ድምር ነው። ተከራካሪዎቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ብዙ ጥናቶች ንዝረቱን አለስልሰውታል፤ ንዝረቱ የማያሳምም ሆኖ ብርቱ ካልሆነ በሩን አይገፋውም። ሁለተኛም ሕመሙን የለኩት ሳጥኑ ከጠፋ ብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ሦስተኛም ሰውነት ይለምደዋል። በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ካትሊን ስሉካና ባልደረቦቿ በአይጦችም በሰዎችም ላይ እንዳሳዩት፣ አንድ ዓይነት ንዝረት በየቀኑ ሲደጋገም በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ኃይሉ ይደክማል። ይህ የሆነው ንዝረቱ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሞርፊን መሰል ነገር ስለሚቀሰቅስ ነው ይላሉ። ሞርፊን ደግሞ ይለመዳል።

በበኩሌ ይህን ክርክር ከልብ አየዋለሁ። ሆኖም ክርክሩ ሳጥኑን ያዳነው ይመስላል እንጂ የሚያድነው ሌላ ሳጥን ነው። በርቶ ሳለ ሕመምን የሚሸፍን፣ ሲጠፋ የሚተው፣ በአምስት ቀን የሚለመድ ነገር ማስታገሻ ነው። ጎረቤት ሲጯጯህ ሬዲዮ ከፍ እንደማድረግ ነው። ሬዲዮው ሥራውን ሠርቷል፤ ጎረቤቶቹ ግን አልታረቁም። ማስታገሻ አይናቅም። ግማሽ ሰዓት ያለ ሕመም እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያደርሳል። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው፣ ሻጩም የሚናገረው፣ ልጅም ለእናቱ የሚያስረዳው እንዲህ አይደለም። የሚነገረው «ሕክምና ነው» ተብሎ ነው።

ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ? ሐኪሞቹ አልተስማሙም። የአሜሪካ የሪህና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2012 ቴንስን ለአንዳንድ የጉልበት ሕሙማን በቅድመ ሁኔታ ይሞከር ብሎ ነበር። በ2019 ግን በብርቱ ቃል ተቃወመው። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ድርጅት ናይስ በ2014 ከሌላው ሕክምና ጋር ተጨማሪ አድርጋችሁ አስቡት ብሎ፣ በ2022 አትስጡ አለ። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2021፣ ማስረጃው ውሱን ቢሆንም ለሕመም ሊያገለግል ይችላል ሲል በሩን ክፍት አድርጎ ተወው። እንግዲህ አንዱ ሐኪም ግዛ፣ ሌላው አትግዛ ቢላችሁ አንደኛው ዋሽቷል ማለት አይደለም። የትኛውን መመሪያ እንዳነበበ፣ መቼም እንዳነበበ መጠየቅ ይሻላል። እኔ ካየሁት ማስረጃ የናይስ ቃል ይቀርበኛል።

ይህ ሁሉ የሠላሳ ዶላር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር። ያሳሰበኝ ሳጥኑ የሚወስደው ቦታ ነው። በብሪስቶሉ ጥናት ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው ብያለሁ። ሦስቱም በጋራ የነበራቸው ትምህርትና እንቅስቃሴ ነው። እርግጥ ምንም ያልተሰጠው አራተኛ ቡድን ስላልነበረ፣ መሻሉ የእንቅስቃሴው ነው ወይስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ቀለለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለሳጥኑ የጠየቅነውን ለእንቅስቃሴው ካልጠየቅን አድልዎ ይሆናል። ነገር ግን እንቅስቃሴን ከምንም ጋር ያወዳደሩ ብዙ ጥናቶች አሉ፤ የጭንን ጡንቻ ማጠንከርና መራመድ የጉልበት ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ተአምር አይደለም፤ ቅናሹም መጠነኛ ነው። ሳጥኑ ያልሰጠውን ያህል ግን ይሰጣል። የሰውነት ክብደትም አለ። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደት ያላቸው የጉልበት ሕሙማን አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ቀኑን በወንበርና በመሪ መካከል ለሚያሳልፍ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገብቶ ጥሬ ሥጋና እንጀራ በልቶ ለሚተኛ ሾፌር ይህ መራራ ወሬ ነው። ለእኔም መራራ ነው።

ታዲያ እንቅስቃሴው ለምን አይደርሰንም? ሐኪሙ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አለው። በዚያች ጊዜ ውስጥ በአስተርጓሚ ወይም በልጅ አንደበት ራጅ ይታያል፣ ኪኒን ይታዘዛል፣ ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። ፊዚዮቴራፒ ቢታዘዝም በየቀጠሮው የሚከፈል ገንዘብና ከሥራ የሚቀርበት ሰዓት አለ። ሳጥኑ ግን ቀጠሮ አይፈልግም፤ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ይለጠፋል፣ ይነዝራል።

የእኛም ድርሻ አለበት። እኛ የሚሰማ ሕክምና እንወዳለን። መርፌ ካልተወጋን ሐኪሙ ያየን አይመስለንም። ዋግምት የሚያስደርግ ሰው ደሙ ሲወጣ እያየ ሕመሙ አብሮ የወጣ ይመስለዋል፤ ወጌሻው ካላስጮኸን እጁን እንጠራጠራለን። ሳጥኑ ይህን ጠባያችንን ሳያውቅ አግኝቶታል። በእርግጥ ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በዕጣ ከደረሳቸው ሳጥን ተአምር ያዩት እንግሊዞችም ስዊሶችም ናቸው። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ግን አይነዝርም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበትን ያሳምመዋል። ሰው ታዲያ የሚያሳምመውን ትቶ የሚነዝረውን ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ ሀገር ቤት የሚሄደው ሳጥን ነው። እናት ትደሰታለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ከሁለት ወር በኋላ ፓዶቹ ማጣበቅ ይተዋሉ። ምትክ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ይኬዳል፤ ቢገኝም ልኩ አይሆንም፤ ሳጥኑ ከብፌው ላይ ይቀመጣል። በዚያው ገንዘብ አንድ የአዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ መጥቶ ለእናት በአማርኛ የሚያሳያቸው ጥቂት እንቅስቃሴ ነበር።

ሳጥኑን አሁን በቤቱ ያለው ሰው ይጣለው ማለቴ ግን አይደለም። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፈጽሞ አይለጥፈው። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ ይጠይቅ። አንገት ፊት ለፊት፣ በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ በቆሰለ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘው ሰው ንዝረቱ ሲበዛበት ስለማይሰማው ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። መኪና እየነዱም ተኝተውም አይጠቀሙበትም። ከዚህ ውጭ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ማስታገሻ መሆኑን አውቆ ከመራመዱ ወይም ከእንቅስቃሴው በፊት የሚያበራው ሰው ቢያንስ በትክክለኛ ሰዓቱ ተጠቅሞበታል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ «የነርቭ ሕክምና» በሚል ስም ሌላም ነገር መጥቷል፤ ከሳጥኑ ጋር እንዳይምታታ አንድ ቃል ልበል። በጉልበት ዙሪያ ያሉትን የሕመም ነርቮች በመርፌ ጫፍ በሚፈጠር ሙቀት ማቃጠል ነው። በ2011 ኮርያ ውስጥ በ38 ሰዎች ላይ የተሞከረው ጥናት መንገዱን ከፈተ፤ በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንዱን ዓይነት መሣሪያ ለጉልበት ሕመም ፈቀደ። ይህ ነርቭን መንዘር ሳይሆን ማፍዘዝ ነው፤ በሐኪም እጅ የሚሠራ፣ ዋጋውም ከሳጥኑ ጋር የማይነጻጸር ነው። ስለ እርሱ ብዙ መባል ያለበት ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ቦታው አይደለም።

እዚህ አሜሪካ ላለን አንድ ነገር ልጨምር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ ነው። በልጅ አንደበት «ጉልበቴን ያመኛል» ከማለት፣ በአስተርጓሚ በኩል «የጉልበት እንቅስቃሴ የሚያስተምረኝ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ላከኝ፤ ወረቀቱንም አስረዳኝ» ማለት ይቻላል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ «ታዲያ ሳጥኑን ልውሰድባቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አትውሰድባቸው አልኩት። የልባቸውን ነገር ሐኪማቸውን ጠይቅ፤ ሳጥኑን ሲያበሩ ግን አጠገባቸው ቁጭ በልና ክንድ ያለው ወንበር አቅርበህ አሥር ጊዜ ያህል ሲነሡና ሲቀመጡ ቁጠርላቸው አልኩት። እማማ ከወዲያ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። «መነሣትና መቀመጡንማ ስሰግድ የኖርኩበት ነው» አሉ። «ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ነው የተውኩት። አሁንማ ቅዳሴውንም ተቀምጬ ነው የማስቀድሰው።»